የማይቸኩለው ሳጥን

በመሥሪያ ቤቷ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ወይዘሮ ነገ» ነው የሚላት። ውሃ ሲጠፋ «መቼ እንደሚመጣ የምታውቂው አንቺ ነሽ» ይሏታል። ሰማዩ ሲዳምን «ወይዘሮ ነገ፣ ልብስ እንጠብ ወይስ እንተወው?» ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ? ሥራዋ ራሱ ለቀልድ የተመቸ ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በሚያስተዳድረው በዚያ ትልቅ ቢሮ ውስጥ ሌላው ሰው ሁሉ ያለውን ነገር ሲቆጥር ይውላል፤ ስንት ኮምፒውተር ተገዛ፣ ስንቱ ተበላሸ፣ ስንቱ ከነካርቶኑ መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጣ። ገና ያልመጣውን እንድታጠና የተቀመጠችው እሷ ብቻ ናት። ዕቃው ትምህርት ቤት ይግባ፣ እሺ፤ ግን ከገባ በኋላ ትምህርት ቤቱ ምን ይሆናል? የሚኬድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚህ አለች ሲሏት እዚያ ነበረች። አባቷ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ እናቷ ሥራ ሄደው የሚይዛት ሰው ሲጠፋ ከክፍላቸው ኋላ፣ መስኮቱ ሥር ያስቀምጧት ነበር። እሷ ታዲያ ሰሌዳውን ትታ፣ በብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፈውን የጠመኔ ብናኝ እያየች ክፍሉን በሐሳቧ ታፈርሰውና እንደገና ትሠራዋለች። ጣሪያውን ታነሳለች፤ ወንበሮቹን ዛፍ ላይ ትሰቅላለች፤ በሩን ወደ ወንዝ ትከፍተዋለች። አባቷ «ይቺ ልጅ አካሏ ነው እንጂ እሷ የለችም» ይሉ ነበር። አድጋም ይህ አመሏ አልተዋትም። አሁን ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ትልቅ ሴት ሆና እንኳ ባዶ ክፍል ስታገኝ በሩ ላይ ቆም ትላለች። ያኔ ክፍሉ ቀስ ብሎ ሌላ ክፍል ይሆንባታል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ያልተወለዱ ልጆች ገብተው ይቀመጣሉ፣ ዛሬ የሌለ ዕቃ በእጃቸው ይዘው ዛሬ በማይታወቅ ነገር ይሳሳቃሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ መጥታ «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» እስክትላት ድረስ እዚያው ናት።

የአሠራሯ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሰውን ስለ ነገ ብትጠይቀው ትናንት የሰማውን እንደሚነግራት ቶሎ ገብቷታል። ስለዚህ አትጠይቅም፤ ትሠራለች። በካርቶን፣ በጣውላና በፕላስተር ነገን ትሠራና ሰዎች ለጥቂት ጊዜ እንዲኖሩበት ታደርጋለች። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ በታብሌት ልክ የተቆረጠ ጣውላ አደለች፤ ሕጉ ጣውላውን ሳይዙ አንድ እርምጃ አለመራመድ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ አንዱ መምህር «ጣውላህን አስቀምጥና እኔን እየኝ!» ብሎ ተማሪ ሲቆጣ ተሰማ። ልጁ በእርግጥም ጣውላው ላይ ተደፍቶ ነበር። ምን ያይ እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተሮቹን ከየክፍሉ አስወጥታ እንደ መጻሕፍት አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ የፈለገ ሄዶ ይጠቀማል፣ ሲወጣ ትቶት ይወጣል። ያም አንድ ነገ ነው፣ ይህም አንድ ነገ ነው።

ጉድ ያመጣው ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው የሚናገር ሳጥን ነበር። ተማሪው ብቻውን ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ሳጥኑ ይመልስለታል። እንዲህ ያለ ማሽን ቢሮው ስላልነበረው ከትምህርት ቤቱ አንድ አሮጌ ቁም ሳጥን ለምና ሰማያዊ ቀለም ቀባችው፤ ውስጡ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን ደበቀችበት። ከግድግዳው ወዲያ፣ በዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ ሰው ይቀመጣል። የልጆቹን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል እንጂ አያያቸውም፤ መልስ ሲሰጥ ድምፁ በመሣሪያ አልፎ ቀጠን ብሎ ይወጣል። ወላጆች ያውቃሉ፣ መምህራን ያውቃሉ፤ ልጆቹ ግን እውነተኛ ማሽን ይመስላቸዋል። ማታለል አይደለም ወይ? ነው እንጂ። ለዚህም ነው ራሷ አንድ ሕግ ያወጣችው፤ ጥናቱ በሚያልቅበት ቀን የዕቃ ክፍሉ በር ይከፈትና ውስጥ የነበረው ሰው ወጥቶ ለልጆቹ ይታያል።

ድምፅ እንዲሆን የተቀጠረው ወጣት ሥራው ሊጀመር ሲል የተሻለ ቦታ አገኘና እብስ አለ። ያን ቀን ጭንቅላቷን ይዛ ቤቷ ስትገባ አባቷ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው ምስሉን ብቻ እያዩ ተቀምጠዋል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ጡረታ ሲወጡ አንደበታቸውም አብሮ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ከ«እሺ»ና ከ«በልቻለሁ» በቀር ቃል አይወጣቸውም። ልጃቸው የውሎዋን ታወራላቸዋለች፣ ትቀልዳለች፣ አንዳንዴ ሆን ብላ ሒሳብ ትሳሳትላቸዋለች፤ አያርሟትም። ባልተረመችበት ቀን ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

«አባባ፣ አንድ ሥራ ነበረኝ» አለቻቸው።

«የምን ሥራ?»

«ሳጥን መሆን።»

ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ወደ እሷ መለሱ። እንደዚያ ካዩአት ቆይተዋል።

«መቀመጫ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው እሆናለሁ» አሉ።

ለሳጥኑ ድምፅ መመሪያ ተዘጋጅቶ ነበር። ማሽን አይቆጣም፤ ስም አይጠይቅም፤ የተጠየቀውን ወዲያው ይመልሳል። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው «ጥሩ ነው» አሉና «ወዲያው» የሚለውን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። የኖሩበትን ልማድ ከየት ይጣሉት? ልጅ ሲጠይቃቸው መልሱን አይሰጡም፤ «አንተስ እንዴት አሰብከው?» ይሉና ይጠብቃሉ። ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ልጁ ተበላሸ ብሎ ቁም ሳጥኑን ኳ ኳ ሲያደርገው «አልተበላሸሁም፤ እየጠበቅኩህ ነው» ይላል ሳጥኑ።

በዚያ ላይ ያስላቸዋል። የዕቃ ክፍሉ አቧራ አልተስማማቸውም። ማሽን ሲስል ያየ ሰው የለም መቼም፤ ልጆቹ ግን «ሳጥኑን ጉንፋን ይዞታል» ተባባሉና በዚያው አመኑ። አንዱ አናቱ ላይ ከረሜላ አስቀመጠለት።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ማሽን ነዎት!» ብላ ተቆጣች ወይዘሮ ነገ።

«ነኝ እንጂ። አሮጌ ማሽን ነኝ።»

መቆጣቱን ልትቀጥል ስትል ሳቋ አመለጣት። ደግሞስ በምን ልቧ ትቆጣ? አባቷ ማውራት ጀምረዋል። ከሥራ ሲመለሱ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ደረጃውን እየወጡ፣ በሩን እየከፈቱ ያወራሉ። ልጆቹን በመልክ ስለማያውቋቸው በድምፃቸው ስም አውጥተውላቸዋል። «ያ ጥድፊያው ዛሬ ክፍልፋይ ገባው። ሳቂታዋ ግን አሁንም ትገምታለች፤ ስትገምት ድምፅዋ ከፍ ይላል።» ቴሌቪዥኑ ከናካቴው ተረሳ። አንድ ማታ ጨው ገዝታ ስትመለስ ከመደብሩ የተሰጣትን የገንዘብ መልስ ስትቆጥር ተሳሳተች፤ ሳታስበው ነው የተሳሳተችው። አባቷ ቀና ሳይሉ አረሟት። ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ያሁኑ ሌላ ነው።

የአንዲት ተማሪ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ከክፍሉ ኋላ የምትቀመጥ፣ የምትንተባተብ ልጅ ናት። መናገር ስትጀምር የመጀመሪያው ፊደል ይይዛትና ዓይኗን ጨፍና ትታገለዋለች። መምህርቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ልጅቷ ስትጨነቅ ማየት ስለማይሆንላት የጀመረችውን ትጨርስላታለች። ጓደኞቿም ይጨርሱላታል፤ ቤትም ታላላቆቿ ይጨርሱላታል። የጨረሱላት ነገር እሷ ልትል ያሰበችው ይሁን አይሁን የጠየቃት የለም። ሁሉም ከደግነቱ ብዛት ስለሚጨርስላት እሷ መጀመሩንም ተወችው።

ሳጥኑ ዘንድ የገባች ዕለት አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ የፈጀባትን ጊዜ የወይዘሮ ነገ አባት ማታ ለልጃቸው አወሩላት። ከግድግዳው ወዲህ እሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ከወዲያ እሷ ከፊደሉ ጋር ተያይዛ። አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉላት ይቀልላት ነበር። አላደረጉም። በመጨረሻ ጥያቄዋ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ስለ ትይዩ መስመሮች ነበር፣ የትም ላይገናኙ ለምን ጎን ለጎን ይሄዳሉ የሚል። «ግሩም ጥያቄ ነው» አላት ሳጥኑ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትመጣ ጀመር። የምታወራው ስለ ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ታናሽ ወንድሟ አኩራፊነት፣ ሲያድጉ ስለሚሆኑት ነገር። ድልድይ መሥራት ትፈልጋለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፣ ቀስ ብላ፣ እየያዛት፣ እየለቀቃት፦

«አ... አንተ አትቸኩልም። ሰው ስላልሆንክ ነው።»

የወይዘሮ ነገ አባት ይህን ለልጃቸው ሲነግሯት ፊታቸውን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዙረው ነበር። ውጭው የመብራት ምሰሶዎችና የሱቅ በሮች ሆኖ ያልፋል፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ መልኳን የማያውቃትን አንዲት ተማሪ ያስባሉ።

ጥናቱ ሊያልቅ ሲል አለቃዋ ቢሮው አስጠራት። አብሯት የተማረ ሰው ነው፤ ደግም ነው፣ ችኩልም ነው፤ ሻይ እየጠጣ ስልክ ያነሳል፣ ስልክ እያወራ ይፈርማል።

«ያንቺ ሳጥን ጉድ ነው!» አላት። «ወላጆች ይደውላሉ። ሌላ ትምህርት ቤት ለኛም ይምጣልን እያለ ነው። ሻጮቹን አነጋገርኳቸው፣ እውነተኛውን ማሽን ያቀርባሉ። ቀስ በል ቢባል ቀስ ይላል። ካስፈለገም ሳል ይጨመርበታል።»

«ሳል?»

«ልጆቹ ለምደውታል አላልሽም እንዴ?»

መሳቅ ነበረባት፤ ሳቁ አልመጣም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ አለቃዋ። «ያን በር መክፈቱን ተይው። ዕረፍት ሲወጡ ሰውየውን እናስወጣና ማሽኑን እናስገባለን። ሲመለሱ ሳጥናቸው ቦታው ላይ ነው። ማን ያውቃል? ማንስ ይጎዳል?»

«ሕግ አለ።»

«ሕጉን ያወጣሽው አንቺው ነሽ።»

እውነቱን ነው። ተነሥታ ወጣች።

ከአባቷ ድጋፍ እጠብቃለሁ ስትል እሳቸው ከአለቃዋ ባሱ። እራት ቀርቦ ነበር፤ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አትክፈቺው» አሏት።

«አባባ፣ ልጆቹን ዋሽተናል እኮ።»

«እኔን ካየች ሰው መሆኔን ታውቃለች። ካወቀች ደግሞ አፏን ትይዛለች። ዝም ማለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ፤ አንዴ ከገባሽበት ይመቻል። መውጫው ነው የሚጠፋሽ።» ማንኪያቸውን መልሰው አነሱና «የፈለጉትን ማሽን ያስገቡ። እሷ ትናገር እንጂ ለማን እንደምትናገር ምን ይጨንቀኛል?» አሉ።

ሰማይ ተደፋባት። አባቷ በልጆቹ፣ ይልቁንም በዚያች ልጅ ምክንያት ነው አንደበታቸው የተፈታው፤ አሁን በሩ ተከፍቶ ልጅቷ ዝም ብትል፣ ሁለቱም አብረው ዝም ሊሉባት ነው።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ባዶው ክፍል በር ላይ ቆመች። የከሰዓቱ ፀሐይ በወንበሮቹ ላይ ተጋድሟል። እንደ ልማዷ ቆም አለች፤ ክፍሉም እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ሄደ።

በሩ ያልተከፈተበትን ነገ አየችው። ልጅቷ አድጋለች። ረዥም ሆናለች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስይዛዋለች፤ በምትሠራበት ቢሮ ጥግ ላይ ሰማያዊ ሳጥን አለ፣ ቤቷም ውስጥ አለ፣ በመንገዱም ላይ ዛፍ ሊሆን በሚገባው ቦታ ሁሉ አለ። ለሳጥኖቹ ታወራለች፤ ስለ ድልድዮቿ እንዴት አድርጋ ታወራለች! ሰው ሲያልፍ ታቆማለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ሲርቅ ትቀጥላለች። ድልድዮቿን ሰው ይሄድባቸዋል፤ እሷን የሰማት የለም። እንዲህ ብዙ ዓመት ይሄዳል፤ ብርሃን እየመጣ ብርሃን እየሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሳጥኖቹን ሰዎች መጥተው ያሻሽሏቸዋል። ፈጣን ያደርጓቸዋል። ልጅቷን የመጀመሪያው ፊደል ሲይዛት ሳጥኑ በደግ ድምፅ ይጨርስላታል።

ወይዘሮ ነገ የበሩን መቃን ያዘች። አሁን ደግሞ ሌላኛውን፣ በሩ የተከፈተበትን ነገ ለማየት ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ጨለማ እንኳ አልነበረም፤ ክፍሉ ክፍል ሆኖ ቀረ፣ ወንበሩ ወንበር፣ መስኮቱ መስኮት። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገ ሲጠፋባት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፈራች። ያየችውን ግን አይታለችና፣ ያላየችውን ለመክፈት ቆረጠች።

ዓርብ ዕለት፣ ጥናቱ በሚያልቅበት ቀን፣ ተማሪዎቹ በሙሉ ክፍላቸው ተቀምጠው ሳለ ነገረቻቸው። ሳጥኑ ማሽን እንዳልነበረ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሰው እንደነበረ፣ እንዲህ የተደረገው ለምን እንደሆነ፣ ይቅርታ መጠየቅም እንዳለባት። አለቃዋ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል፤ «አልሰማሽኝም» የሚል ፊት ነው ያለው። ከዚያ አባቷ ከዕቃ ክፍሉ ወጥተው ገቡ። ክራቫት አድርገዋል፤ ማን ያድርጉ እንዳላቸው አላወቀችም።

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። «እኔ አውቄ ነበር!» የማይል ወንድ ልጅ ጠፋ። አንዱ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል፤ ሌላው «ጉንፋኑ ተሻለዎት?» ይላል። አባቷ ፈገግ ብለው በየድምፁ ይዞራሉ፤ «አሃ፣ ጥድፊያው አንተ ነህ!»፣ «ሳቂታዋ!» እያሉ። መልክ ከድምፅ ጋር ሲገጥምላቸው እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል። ዓይናቸው ግን አላረፈም። ከወንበር ወንበር ይሄዳል። የሚፈልጓትን መልኳን አያውቁትም።

ወይዘሮ ነገ ታውቀዋለች። መጨረሻው ረድፍ ላይ ናት፤ ጠረጴዛዋን ታያለች፣ ጆሮዋ ቀልቷል። ወደዚያ ላለማየት አንገቷን አደነደነች። ልጅቷ ከፈለገች ለዘላለም ልትደበቅ ትችላለች። ስም አልተጠየቀችም፣ መልክ አልታየባትም፤ ዝም ካለች ያቺ ልጅ በዓለም ላይ የለችም ማለት ነው።

ሳቁ በረደ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከእናንተ ውስጥ በእኔ ያዘነ ካለ እውነቱን ነው» አሉ። «ደህና ሁኑ እንግዲህ።»

ዘወር አሉ። ትከሻቸው ወርዶ፣ ያ በቴሌቪዥኑ ፊት የሚቀመጡት ሰውዬ እንደገና ሆነው ወደ በሩ ሄዱ። ምን አደረግሁ፣ አለች ወይዘሮ ነገ በልቧ፤ ሁለቱንም አጠፋኋቸው።

«ቆ...»

ከኋላ ነው የመጣው። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ልጅቷ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች።

«ቆ... ቆ...»

መምህርቷ አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ዘወር ሳይሉ እጃቸውን አነሱና መምህርቷ አፏን መልሳ ዘጋች።

«ቆይ! ለ... ለምን ዋሸኸኝ? እኔ... እኔ የ... የነገርኩህ ለሰው አ... አልነበረም። ለ... ለሰው አልናገርም። ታ... ታውቅ ነበር። እያወቅክ ዝ... ዝም ብለህ ሰማኸኝ።»

እንባዋ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። ሽማግሌን «አንተ» ማለቷንም ልብ ያለው የለም። አንዱ ቃል ሲይዛት ክፍሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ተይዞ ይቆማል፤ ሲለቃት ይለቀቃል። አለቃዋ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስለ ድመቷ ተናገረች፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ድልድዩ፤ አንድ በአንድ፣ ያን ሁሉ መስጠቷን ቆጥራ አስታወሰችው። የሚስቅባት አልነበረም።

ሽማግሌው ዞረው እያዩዋት ነበር። ደረሱባት፣ አወቋት፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር ልጃቸው ከእናቷ ሞት ወዲህ አላየችውም።

ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት አቆመች።

«ጨረስሽ?» አሏት ቀስ ብለው።

«አ... አ... አልጨረስኩም!»

«እሺ» አሉና፣ ከፊት ረድፍ አንዲት ትንሽ የተማሪ ወንበር ስበው፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው ተቀመጡ።